አይፎን ይሻላል ወይስ አንድሮይድ? እስቲ ጣታችሁን ጠይቁት!

ዛሬ ስለ ፍቅር አላወራችሁም፤ የፍቅርን ያህል ሰው የሚያጣላ ሌላ ነገር አግኝቻለሁ። ከጓደኞቻችሁ ጋር ማኪያቶ ልትጠጡ ተቀምጣችሁ «አይፎን ይሻላል ወይስ አንድሮይድ?» ብላችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቁ። ከዚያ ዝም ብሎ ማየት ነው! አንዱ በካሜራው ይምላል፣ አንዷ በባትሪው ትገዘታለች፣ ሦስተኛው ደግሞ ስልኩን ኪሱ ውስጥ እንደደበቀ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ማኪያቶውን ያማስላል። (ለምን እንደደበቀው ሁላችንም እናውቃለን፤ እንተወው።)

እኔ ክርክሩ ውስጥ ስገባ የምጠይቀው ነገር ሰው ያስቃል። «ጣትህ ምን ይላል?» ነው የምለው። ቀልዴን አይደለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ መገናኛ አካባቢ አንድ የሞባይል ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜያለሁ። ስልክ ሸጫለሁ፣ ስክሪን ጋርድ ለጥፌያለሁ፣ ለስንቱ ቴሌግራም ከፍቻለሁ። እና እዚያ ቆሜ የታዘብኩት፣ ደንበኛ ሊገዛ ሲመጣ የሚጠይቀውና በሳምንቱ ይዞት የሚመለሰው ጥያቄ ፈጽሞ እንደማይገናኝ ነው። ሲገዛ «ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል ነው? ሚሞሪው ስንት ጊጋ ነው?» ይላል። በሳምንቱ ሲመለስ ስለ ሜጋፒክስል ያነሳብኝ አንድም ሰው አላስታውስም። «እባክሽ እህቴ፣ ያ ወደኋላ የሚመልሰው ነገር የት ሄደ?»፣ «የላኩልኝን ፎቶ የት ነው የሚያስቀምጠው?»፣ «ስልክ ሲደወልልኝ ላነሳ ስል እየዘጋሁት ሰው ተቀየመኝ!»

ይኼ ሁሉ ብልሽት አይደለም እኮ። ስልኩ ደህና ነው። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ክብሪቱ የት እንዳለ በጨለማ ሄዳችሁ ታነሱት የለ? ሰው ቤት ግን በብርሃን እንኳ ማንኪያ ፍለጋ ሦስት መሳቢያ ትከፍታላችሁ። ጣትም እንደዚያው ነው። ሳታስቡት የሚያደርገውን ነገር ያህል የእናንተ የሆነ ነገር የለም፤ ስልክ ስትቀይሩ ደግሞ የሚጠፋባችሁ እሱ ነው።

ነገሩ ከመሠረቱ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደኋላ ልመልሳችሁ። (የማነሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ስልኩ ጳጉሜን የት ያውቅና!) አይፎን አካሉም አእምሮውም ከአንድ ቤት የወጣ ነው። ስቲቭ ጆብስ በጥር 2007 አሳየው፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ተሸጠ፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አፕል ከሚባለው ኩባንያ በቀር ሌላ የሚሠራው የለም። አንድሮይድ ሌላ ታሪክ ነው። ጎግል በ2005 ገዛው፣ የመጀመሪያው ባለ አንድሮይድ ስልክ በታይዋኑ ኤችቲሲ ተሠርቶ በ2008 ገበያ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ስልክ የሚሠራ ኩባንያ ሁሉ እየወሰደ እንደየፍላጎቱ አለበሰው። የሽሮ ነገር በሉት። ዱቄቱ አንድ ወፍጮ ቤት የተፈጨ ነው፤ ወጡን ግን አንዷ ጎረቤት ቀጠን፣ አንዷ ወፈር፣ አንዷ በቃሪያ ታደርገዋለች። ሳምሰንግ ወጡን «ዋን ዩአይ» ይለዋል፣ ቴክኖ «ሃይ ኦኤስ»፣ ኢንፊኒክስ «ኤክስ ኦኤስ»፤ ሻኦሚ «ኤምአይ ዩአይ» ሲለው ቆይቶ በ2023 «ሃይፐር ኦኤስ» ብሎ ስም ቀየረለት። የሚገርመው ደግሞ ቴክኖና ኢንፊኒክስ፣ አይቴልም ጭምር፣ ትራንሽን የሚባለው የሼንዘን ኩባንያ ልጆች ናቸው። የአንድ እናት ልጆች ሆነው እንኳ በአንድ ዓይነት ልብስ አይወጡም!

ምሳሌ ልስጣችሁ። ወደኋላ የምትመልሰዋ ምልክት ሳምሰንግ ላይ ከታች በስተቀኝ ናት። የጎግል የራሱ ስልክ ላይ ደግሞ በስተግራ። ከሳምሰንግ የመጣ ሰው እንዲያ ያለውን ስልክ ይዞ ወደኋላ ሊመለስ ሲነካ፣ የከፈታቸው አፖች በሙሉ ተደርድረው ይመጡበታል። እንደገና ይነካል፣ እንደገና ይመጣሉ። ስንቱን ጎልማሳ ግንባሩን በዚህ ሲያልበው አይቻለሁ! መድኃኒቱ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ቦታቸውን ማቀያየር ነው፤ አብዛኞቹ ላይ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ከ2019ኙ አንድሮይድ 10 ወዲህ ደግሞ ምልክቶቹን ጨርሶ አጥፍቶ ከስክሪኑ ጠርዝ ጣትን መሳብ ይቻላል። ከቀኝም ከግራም ብትስቡ ይመለሳል። እኔ የምጠቀመው እሱን ነው፤ ከየትኛውም ኩባንያ ስልክ ብገዛ ጣቴ ግራ አይገባውም።

«አይፎን ግን ወጥ ነው፤ አንዱን ያወቀ ሁሉንም ያውቃል» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። የጓደኛችሁን አይፎን ብታነሱ የእናንተን ያነሳችሁ ያህል ነው፤ ሴቲንጉ እዚያው፣ ሁሉም እዚያው። ግን እስቲ አንድ ነገር ጠይቋቸው፤ ወደኋላ እንዴት ነው የሚመለሰው? አንዱ አፕ ላይ ከላይ በስተግራ ቀስት አለች፣ ሌላው ላይ የኤክስ ምልክት ነች፣ ሌላው ላይ ወደታች መሳብ ነው፣ ሌላው ላይ ከግራ ጠርዝ ጣትን ማንሸራተት። ለሁሉም የሚያገለግል አንድ የመመለሻ ምልክት የለውም። ዝብርቅርቅ እየተባለ የሚታማው አንድሮይድ ደግሞ ቦታዋ ይለያይ እንጂ ለሁሉም አፕ አንዲት መመለሻ አለችው። የካሜራውንም ነገር እዩት። አይፎን ላይ የካሜራ ማስተካከያው አብዛኛው ዋናው ሴቲንግ ውስጥ ነው የተቀመጠው፤ አንድሮይዶቹ ላይ ካሜራው ውስጥ ራሱ። የቱ ይሻላል? እናንተ መጀመሪያ የለመዳችሁት!

አሁን የሚከነክነኝን ነገር ልንገራችሁ። ለእኔና ለእናንተ ይኼ የካፌ ወሬ ነው፤ ሁለት ቀን ተወናብደን በሦስተኛው እንለምደዋለን። ስልኩ ቦርሳቸው ለሆነ ሰዎች ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ቴሌብር በ2021፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ በ2023 ከመጡ ወዲህ ስንቱ እናት ገንዘቡን በጣቱ ነው የሚቆጥረው።

የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት አሉ፤ እትዬ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸው ስልሳን አልፏል፣ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው፣ አማርኛ አሳምረው ያነባሉ፣ እንግሊዝኛው የለም። ርካሽ አንድሮይድ ነበራቸው፤ ማውጫው በአማርኛ የተደረገ። ስታክ እያደረገ ያስቸግራቸው ነበር፤ ቢሆንም ዐረብ አገር ያለችው ልጃቸው የምትልክላቸውን ገንዘብ ራሳቸው ያዩታል፣ መብራት ይከፍሉበታል፣ እቁብ ይጥሉበታል። የምስጢር ቁጥራቸውን ሲነኩ ስልኩን ወደ ነጠላቸው ጠጋ አድርገው ነው። ማንም አያይም።

ለፋሲካ ልጅቷ በሰው እጅ አይፎን ላከች። ግቢው ተደሰተ፣ ቡና ተፈላ፣ ጎረቤት መጥቶ «እንኳን ደስ ያለዎት» አለ። አሮጌው ስልክ ቁም ሣጥን ገባ። ከዚያስ? አዲሱ ስልክ ምንም አላጠፋም፤ እንደ ተሠራው ነው የሚሠራው። ግን ማውጫው በእንግሊዝኛ ነው፣ ከታች የነበሩት ሦስት ምልክቶች የሉም፣ የገንዘቡ አፕ ከለመዱት ቦታ ላይ አይደለም። እትዬ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዘባቸውን ለማየት ሰው መጥራት ጀመሩ። አንድ ቀን ተከራዩን ልጅ፣ አንድ ቀን የጎረቤትን ልጅ፣ አንድ ቀን የሱቁን ልጅ፣ አንድ ቀን እኔን። ልጁ «ቁጥሩን ያስገቡ» ሲላቸው፣ እሳቸው መነጽራቸውን እየፈለጉ «አንተው አስገባው ልጄ፣ ቁጥሩ እንትን ነው» ይሉታል። ግቢው ሙሉ እየሰማ! ተዉ አልኳቸው፤ «እናንተ ልጆቼ አይደላችሁ?» አሉኝ።

በሁለተኛው ወር፣ እቁቡ ሊጣል በደረሰበት ሳምንት፣ ስድስት ሺህ አምስት መቶ ብር ጎደለ። ማን ወሰደው? ቁጥሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ቁጥሩን የምናውቀው ግን እኔን ጨምሮ አራት ነን፤ ከአጥር ወዲያ የሰማውን አልቆጠርኩም። ጣት ሁሉ ቶሎ ቶሎ ይረዳቸው ወደነበረው ተከራይ ልጅ ተቀሰረ። ልጁ አለቀሰ። «እኔ ሌባ አይደለሁም» እያለ በሳምንቱ ፍራሹን ተሸክሞ ወጣ። እስከ ዛሬ ወሳጁ አልታወቀም፤ ልጁ ነው ብዬ አላምንም።

እትዬ ቁም ሣጥኑን ከፈቱና አሮጌውን ስልክ አወጡ። ቁጥሩ ተቀየረ፣ ነጠላው ስር መነካት ጀመረ። አይፎኑስ? እሑድ እሑድ ልጅቷ በቪዲዮ ስትደውል ይወጣል፣ ጥርት አድርጎ ያሳያቸዋል፣ ሲጨርሱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይገባል። ልጅቷ ምንም አታውቅም። «በላቧ የገዛችው ነው፤ ከበደኝ አልላትም» ብለው ዘግተውታል።

እና እናንተ ውጭ ያላችሁ፣ ወይም እዚሁ ሆናችሁ የመጀመሪያ ደመወዛችሁን ለእናታችሁ ስልክ ልታደርጉ ያሰባችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት እሳቸው አሁን የያዙትን ስልክ ስሙን ጠይቁ። የዚያኑ ኩባንያ አዲሱን ግዙላቸው። አይፎን የያዙ ከሆነ አይፎን፣ ቴክኖ የያዙ ከሆነ ቴክኖ። አንድ ቅዳሜ ደግሞ ለዚሁ መድቡ፤ አፖቹን በድሮው ቦታቸው ደርድሩ፣ ፊደሉን አተልቁ፣ ማውጫውን ወደ አማርኛ ማዞር የሚቻል ከሆነ አዙሩ። ስጦታው ያለቀው ያን ጊዜ ነው። ሣጥኑን ከፍቶ ፎቶ መነሳት የእናንተ ደስታ ነው እንጂ የእሳቸው አይደለም።

«እሺ፣ አንዱን ይዤ እዚያው ብኖርስ?» ለምትሉ፣ መኖር ቢፈቅዱላችሁ ጥሩ ነበር። ወጥ ነው የሚባለው አይፎን በ2013 መልኩን ከላይ እስከ ታች ቀየረ። በ2017 አይፎን ኤክስ ላይ ያቺን ክብ ቁልፍ አነሳት፤ አሥር ዓመት ሙሉ ስንት ሚሊዮን አውራ ጣት የለመዳትን! በ2025 ደግሞ ቁጥሩ ከ18 ዘሎ 26 ገባ፣ መልኩም መስታወት መሰለ። አንድ ወዳጄ ሌሊት ቻርጅ ላይ ትቶት ተኝቶ ጠዋት ሲነሳ የሰው ስልክ የያዘ መስሎት ደነገጠ። አንድሮይዶቹም ያው ናቸው። ውድ ውድ የሆኑት ለረጅም ጊዜ ለማደስ ቃል ገብተዋል፤ ጎግል በ2023 ከፒክስል 8 ጀምሮ፣ ሳምሰንግ በ2024 ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ ሰባት ሰባት ዓመት ብለዋል። አብዛኞቻችን የምንገዛቸው ርካሾቹ ግን እንዲህ ያለ ዕድሜ አይሰጣቸውም። የሚያስቀው፣ የማይታደስ ስልክ አይለወጥም! እንደገዛችሁት ይቀመጣል፣ ጣታችሁም ሰላም ያገኛል፤ አንድ ቀን አፖቹ ራሳቸው ጥለውት እስኪሄዱ ድረስ። ዋትስአፕ በ2025 መጀመሪያ ላይ አሮጌዎቹን አንድሮይድ 4.4ቶች፣ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ደግሞ እነ አይፎን 6ን አሰናብቷል። ሀብታምም ደሃም እኩል የተባረሩበት ጊዜ ነው።

ከሁሉም በአያያዝ ይበልጥ የወደድኩት የትኛውን እንደሆነ ብትጠይቁኝ ግን የሞተውን ነው። በ2010 የወጣው የማይክሮሶፍቱ ዊንዶውስ ፎን፤ ትልልቅ ባለቀለም ሳጥኖች የነበሩት። ታላቅ ወንድሜ ባለ ኖኪያ ሉሚያ ነበረና እኔ ተማሪ ሆኜ እየሰረቅኩ እነካው ነበር። ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት፣ ንጹሕ። ምን ዋጋ አለው! አፕ የሚሠራለት ጠፋና ቀረ።

እኛ አገር ደግሞ ነገሩን ያቀለለልን ቴሌግራም ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለች የአክስቴ ልጅ እንደነገረችኝ፣ ልጇ ከትምህርት ቤት እያኮረፈ ይመጣ ነበር። ምን ሆነህ ስትለው፣ «የእኔ መልእክት አረንጓዴ ነው!» እዚያ አገር አይፎን ለአይፎን ሲጻጻፉ ሰማያዊ ነው፤ አንድሮይድ የያዘ ሰው መሃላቸው ሲገባ አረንጓዴ ይሆናል፣ ልጆቹም «ድሃው መጣ» ይላሉ። በ2024 አፕል በሁለቱ መካከል ፎቶና ቪዲዮ ደህና ሆኖ እንዲላክ አድርጓል፤ ቀለሙ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። እዚህ ይኼ ጣጣ የለብንም። ሥራ የምንፈልገው፣ ጫማ የምናማርጠው፣ ትምህርት የምንለዋወጠው፣ የምንጠባበሰውም ቴሌግራም ላይ ስለሆነ ማንም ማን ምን እንደያዘ አያውቅም። እርግጥ ለብዙ ዓመታት የአይፎኑ ቴሌግራም ማውጫው ከታች በረድፍ፣ የአንድሮይዱ ደግሞ ከጎን የሚሳብ ነበር። ግን ቻቱ ቻት ነው። ያቺ ኪሱ ውስጥ ስልኩን የደበቀው ጓደኛችሁ የጠበሳት ልጅ እስክታገኘው ድረስ ባለ አይፎን ነው ብላ ብታስብ ማን ይከለክላታል?

እኔ ራሴ ምን እንደምይዝ አልነገርኳችሁም። ያገለገለ አይፎን ስምንት ወር ይዣለሁ። ፎቶው ወደር አልነበረውም፤ የምሽት ሠርግ ላይ ያነሳሁትን አሁንም አየዋለሁ። የሸጥኩት በአማርኛው ምክንያት ነው። ይኼን ጽሑፍ የምጽፈው በስልኬ ነው፤ ኮምፒውተር የለኝም፣ የሚከፈለኝም በጽሑፍ ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 ጀምሮ ስንት ዓመቱ ነው፤ ግን ኪቦርዶቹ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። አንዱ በላቲን «ኤስ»ና «ኢ» እየነካችሁ «ሰ» ያወጣላችኋል፤ ሌላው «ሰ»ን ስትነኩ ከሰ እስከ ሶ ሰባቱንም ይደረድርላችኋል። ጣቴ የሚያውቀው ሁለተኛውን ነው፤ እሱም የለመድኩት አንድሮይድ ላይ ነው። አይፎኑ ላይ የሚቀርበውን ፈልጌ ጫንኩ። የፊደሎቹ አቀማመጥ ትንሽ ይለያል። ትንሽ! ግን በአንድ ማታ የምጨርሰው ጽሑፍ ሁለት ማታ ይፈጅብኝ ጀመር። «ፀ» ልጽፍ «ጸ»፣ «ሐ» ልጽፍ «ኀ»። አዘጋጁ እንኳ «ምነው፣ ደብተራ ሆንሽ?» አለኝ። ሰዓቱማ አይነሳ፤ ሁለቱም ጠዋት አንድ ሰዓትን ሰባት ሰዓት ነው ይላሉ። በዚህ ብቻ ወንድማማች ናቸው።

ያገለገለ አይፎን ልትገዙ ለምታስቡ ሁለት ነገር ሹክ ልበላችሁ። አንደኛ፣ ከ2013 ወዲህ አይፎን የባለቤቱ አካውንት ካልወጣለት ለሌላ ሰው አይከፈትም። ሻጩ «ነገ አስከፍትልሃለሁ» ካለ ነገ አይመጣም፤ እዚያው ፊት ለፊታችሁ ከአካውንቱ ይውጣ፣ ስልኩ ከባዶ ይነሳ፣ በእናንተ ስም ይግባ። ሁለተኛ፣ ከ2022ቱ አይፎን 14 ጀምሮ አሜሪካ የሚሸጡት ሲም ካርድ መክተቻ የላቸውም፤ የሚሠሩት በኢ-ሲም ብቻ ነው። ዘመድ ከዚያ «ላክሁልህ» ሲላችሁ ከመደሰታችሁ በፊት ይኼን ጠይቁ፤ በዚያ ላይ ለአንድ የአሜሪካ ቴሌ ብቻ የተቆለፈ እንዳይሆን።

አዲስ ለምትገዙ ደግሞ፣ የታሸገውን ሣጥን ብቻ አይታችሁ አትክፈሉ። ማሳያ የተከፈተ ስልክ ካለ ያዙት። አንድ ሰው ደውሉ፣ ዝጉ፣ በአማርኛ አንድ መስመር ጻፉ፣ ፎቶ አንሱና የት እንደገባ ፈልጉ፣ ሦስት አፕ ከፍታችሁ ወደኋላ ተመለሱ። አሥር ደቂቃ ቢፈጅባችሁ ይፍጅባችሁ። ሻጯ ፊቷን ልታጠቁር ትችላለች፤ እኔም በጊዜዬ ስንቱ ላይ አጥቁሬያለሁ። አትዩአት፣ ንኩት።